18 ደቂቃ እና አንድ ብልጭታ፦ ፎቶግራፍ ከፀሐይ የተላቀቀበት መንገድ

(ለወጣት ፎቶግራፍ አንሺዎች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ)

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣

የፎቶግራፍ ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ካሜራው፣ ስለ ሌንሱና ስለ ፊልሙ ነው። እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለ መብራቱ ልናገር ነው። ሰው ሠራሽ ብርሃን ወደ ሙያችን የገባበት ግማሽ ምዕተ ዓመት፣ በእኔ እምነት፣ በአንሺውና በተነሺው መካከል ያለውን ግንኙነት ከማንኛውም ሌላ ፈጠራ በላይ ለውጦታል። በመጀመሪያ ብርሃኑ ተነሺውን «እባክህ ታገሠኝ» ብሎ ይለምነው ነበር። በኋላ ግን ሳያስፈቅድ ይይዘው ጀመር። ይህ ለውጥ እንዴት እንደ መጣ ነው የማወጋችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

የፈረንሳዊው የሉዊ ዳጌር የፎቶግራፍ ፈጠራ በ1839 ፓሪስ ላይ ይፋ ሲደረግ ፎቶግራፍ ሙሉ በሙሉ የፀሐይ ጥገኛ ነበር። ደመና ከመጣ ሥራ ይቆማል፤ ሲመሽ ስቱዲዮው ይዘጋል። የሰሜን አውሮፓ ክረምት ደግሞ ለወራት የሚዘልቅ ምሽት ማለት ነው። ታዲያ በዚያ ዘመን ሻማም፣ የዘይት ፋኖስም፣ የጋዝ መብራትም እያለ ለምን አልተጠቀሙበትም? ችግሩ የብርሃኑ ማነስ ብቻ ሳይሆን ቀለሙም ነበር። ያኔ በፊልም ቦታ ያገለግል የነበረው፣ በብር ጨው የተዘጋጀው ሰሌዳ የሚሰማው ሰማያዊውን፣ ሐምራዊውንና ለዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ነው፤ ለቢጫውና ለቀዩ ደንቆሮ ነው። የሻማና የጋዝ ብርሃን ደግሞ በአብዛኛው ቢጫና ቀይ ነው። ስለዚህ ሰው መጽሐፍ ሊያነብበት የሚችል ክፍል ለሰሌዳው ድቅድቅ ጨለማ ሊሆን ይችላል። በጨለማ ክፍል ውስጥ በቢጫ ወይም በቀይ መብራት ይሠራ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነገር ስላለ ጥቂት ልቆይ። ቡናማ የሰው ቆዳ በአብዛኛው የሚመልሰው ቀዩንና ቢጫውን ብርሃን ነው። ሰሌዳው ደግሞ ያንን አያይም። በዚህም የተነሣ በዚያ ዘመን ፎቶግራፎች ላይ የጠይም ሰው ፊት ከእውነተኛው መልኩ ጠቁሮ ይወጣል። ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ውድቀት በኋላ በ1868 ወደ እንግሊዝ አገር ሲወሰድ፣ ዋይት በምትባለው ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶግራፍ አንሥታዋለች። ካሜሮን ስቱዲዮዋ ያደረገችው በመስታወት የተሸፈነ የዶሮ ቤት ነበር፤ ብርሃኗም የፀሐይ ብርሃን ብቻ ነበር። አንድ ሥዕል ለማግኘት ተነሺዎቿን ለደቂቃዎች ያህል ሳይንቀሳቀሱ ታስቀምጣቸው ነበር። አባቱንና አገሩን ያጣው የሰባት ዓመት ሕፃን በዚያ ዝምታ ውስጥ እንዲቀመጥ ተደርጓል። በሥዕሉ ላይ የሚታየው የፊቱ ጥቁረትና የዓይኖቹ ጥልቀት የራሱ የልጁ ብቻ እንዳልሆነ፣ የሰሌዳው ኬሚካልም ድርሻ እንዳለበት ስትመለከቱት አስታውሱ።

ከፀሐይ ለመላቀቅ የተደረጉት የመጀመሪያ ሙከራዎች ገና ፎቶግራፍ በተወለደ በዓመቱ የተጀመሩ ናቸው። በኦክስጅንና በሃይድሮጅን ነበልባል የኖራ ቁራጭ ሲግል ዓይን የሚያጥበረብር ነጭ ብርሃን ይሰጣል። ቲያትር ቤቶች ለመድረክ ይጠቀሙበት የነበረው ይህ ብርሃን በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ጥቃቅን ነገሮችን ለማንሣት ረድቷል። ሰው ፊት ላይ ሲያርፍ ግን ፊቱን ኖራ የተለቀለቀ፣ ዓይኖቹን የጨለሙ ጉድጓዶች ያስመስላቸዋል። ለተነሺውም ሙቀቱና ንዳዱ አይቻልም።

በ1851 ደግሞ እንግሊዛዊው የፎቶግራፍ ፈር ቀዳጅ ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን አንድ ግሩም ሙከራ አሳየ። ከታይምስ ጋዜጣ ላይ የተቀደደ ገጽ መንኮራኩር ላይ ለጥፎ በፍጥነት አሽከረከረው። ክፍሉን አጨለመ፤ የካሜራውን ሌንስ ከፈተ፤ ከዚያም በላይደን ማሰሮዎች ውስጥ የተከማቸውን ኤሌክትሪክ በአንድ ብልጭታ ለቀቀው። ሰሌዳው ላይ የወጣው ጽሑፍ ይነበብ ነበር። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ፍላሽ አሳቡ ያኔ ተወልዶ ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን የብልጭታው ጉልበት ከቅርብ ርቀት አንዲት ወረቀት ከማብራት አያልፍም ነበር፤ አንድ ክፍል ሰው የሚያሳይ ብልጭታ እስኪመጣ ሌላ 36 ዓመት መጠበቅ ነበረበት። እስከዚያው ድረስ ያለው መብራት ቀስ ብሎ የሚሠራ፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ መብራት ነው።

የዚህ ትዕግሥተኛ መብራት ታላቅ ሰው ናዳር ነው። እውነተኛ ስሙ ጋስፓር ፌሊክስ ቱርናሾን ሲሆን፣ ፓሪስ ውስጥ የካርቱን ሠዓሊ፣ ጸሐፊና በባሉን የሚበር ጀብደኛ ነበር። በ1858 ከባሉን ላይ ሆኖ ምድርን ከሰማይ ያነሣው እሱ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1861 በሰው ሠራሽ ብርሃን ፎቶግራፍ ለማንሣት የፈጠራ መብት ካስመዘገበ በኋላ ደግሞ ከምድር በታች ወረደ። የመረጠው ቦታ ካታኮምብ የሚባሉትን ዋሻዎች ነው፤ የፓሪስ መካነ መቃብሮች ሲጨናነቁ የስድስት ሚሊዮን ሰዎች ያህል አጽም ከ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የተጓጓዘባቸው ጉድጓዶች ናቸው። ቀጥሎም የከተማዋን የፍሳሽ ቦዮች አነሣ።

አሠራሩን በቅርበት እንመልከተው። ብርሃኑ የሚገኘው ሁለት የካርቦን ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ ተቀራርበው ኤሌክትሪክ በመካከላቸው ሲዘል ነው። ያ ቅስት ሰማያዊና አልትራቫዮሌት የበዛበት በመሆኑ ለሰሌዳው የተመቸ ነው። ያኔ ግን ከግድግዳ ሶኬት የሚመጣ ኤሌክትሪክ አልነበረም። ኃይሉ የሚመነጨው ከቡንሰን ባትሪዎች ነበር፤ ዚንክና ካርቦን በሰልፈሪክና በናይትሪክ አሲድ ውስጥ የሚዘፈዘፉባቸው፣ እየሠሩም ሳንባ የሚያቃጥል ቀይ ቡናማ ጭስ የሚተፉ ዕቃዎች ናቸው። እነርሱን ይዞ ዋሻ መግባት ሞትን መጋበዝ ነው። ስለዚህ ናዳር ባትሪዎቹን መንገድ ላይ ትቶ ሽቦውን በጉድጓዶቹ አፍ በኩል ወደ ታች ይለቀዋል። ከላይ ያለው ሠራተኛና ከታች ያለው አንሺ በጩኸት ይነጋገራሉ። ዘንጎቹ እየነደዱ ስለሚያጥሩ አንድ ሰው ክፍተታቸውን ሳያቋርጥ ይጠብቃል። ሰሌዳው ኮሎዲዮን በሚባል የሚያጣብቅ ፈሳሽ የሚቀባና በእርጥቡ የሚሠራ በመሆኑ እዚያው ተዘጋጅቶ ሳይደርቅ መነሣትና መታጠብ አለበት።

አንድ ሥዕል 18 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ናዳር በስተርጅና በጻፈው ትዝታው እንደሚተርከው፣ ሁሉ ነገር ተሟልቶ፣ ደቂቃዎቹ ተቆጥረው ሊያልቁ ሲሉ፣ ከቦዩ ውኃ ላይ እንፋሎት ተነሥቶ ሥዕሉን ይሸፍነዋል። እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ይህንን ሳነብ ሁልጊዜ የሚሰማኝ አድናቆት ነው፤ ማንም ሳያስገድደው፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ማንም አይቶት የማያውቀውን ነገር ለሰው ለማሳየት ብሎ የሚደክም ሰው ነው።

ይሁን እንጂ 18 ደቂቃ ማንም ሕያው ሰው ሳይነቃነቅ ሊቆም የሚችልበት ጊዜ አይደለም። ናዳር ግን አጽም የሚያጓጉዙትንና ቦይ የሚጠርጉትን ሠራተኞች ማሳየት ፈለገ። መፍትሔው የልብስ መሸጫ አሻንጉሊት ነበር። የሠራተኛ ልብስ አልብሶ፣ ቦቲና ቆብ አድርጎለት፣ አጽም የተጫነ ጋሪ የሚስብ አስመስሎ አቆመው። በሰው ሠራሽ ብርሃን ከምድር በታች ከተነሡት የመጀመሪያዎቹ «ሠራተኞች» ውስጥ እንጨትና ጨርቅ የሆኑት ጥቂት አይደሉም። አንዳንዶች ይህንን ማታለል ይሉታል። እኔ አልስማማም። መሣሪያው የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ያወቀ ሰው ሥራ ነው፤ ናዳርም ነገሩን ራሱ ጽፎታል እንጂ አልደበቀውም።

ናዳር በዋሻ ውስጥ እየደከመ ሳለ መፍትሔው ከሌላ አቅጣጫ እየመጣ ነበር። ኬሚስቶቹ ሮበርት ቡንሰንና ሄንሪ ሮስኮ፣ ማግኒዥየም የሚባለው ብርማ ብረት ሲነድ የሚሰጠው ነበልባል ለፎቶግራፍ እንደሚሆን በ1859 አመለከቱ። ያኔ ማግኒዥየም ውድ የላቦራቶሪ ብርቅ ነበር። ኤድዋርድ ሶንስታት ብረቱን በብዛት የሚያመርትበትን ዘዴ ካገኘ በኋላ ግን ማንቸስተር ከተማ ውስጥ በሽቦና በጥብጣብ መልክ ለገበያ ቀረበ። በ1864 የዚያው ከተማ ፎቶግራፍ አንሺ አልፍሬድ ብራዘርስ በማግኒዥየም ብርሃን የሰው ፊት አነሣ። ነበልባሉ ሰሌዳው የሚፈልገውን ሰማያዊና አልትራቫዮሌት አትረፍርፎ ይሰጣል። ባትሪ የለ፣ አሲድ የለ፤ ጥቅል ሽቦ በኪስ ይዞ፣ ክብሪት ጭሮ የትም መግባት ተቻለ።

ገቡም። የስኮትላንድ ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ የነበረው ቻርልስ ፒያዚ ስሚዝ በ1865 የጊዛውን ታላቅ ፒራሚድ ውስጥ በማግኒዥየም አነሣው። ለዚህ ሥራ ያሠራት ካሜራ ሰሌዳ አንድ ኢንች በአንድ ኢንች ያህል ብቻ የምትሆን ነበረች። ትንሽ ሰሌዳ ትንሽ ሌንስ ይበቃዋል፤ ትንሽ ሌንስ ደግሞ ከቅርብ እስከ ሩቅ ያለውን ሁሉ አጥርቶ ይይዛል። ይህ ዛሬም የምንጠቀምበት ብልኃት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቻርልስ ዋልዳክ የኬንተኪውን ማሞዝ ዋሻ አነሣ። ጢሞቴ ኦሱሊቫን ደግሞ በ1867 እና በ1868 መካከል ኔቫዳ ውስጥ ቨርጂኒያ ሲቲ በሚገኙ የብር ማዕድን ጉድጓዶች፣ በመቶ በሚቆጠሩ ጫማዎች ጥልቀት ወርዶ ማዕድን ቆፋሪዎችን በሥራቸው ላይ አነሣ። እነዚህ አሻንጉሊቶች አይደሉም። ናዳር በጨርቅ ሰው የተካው ሰውዬ በኦሱሊቫን ሥዕል ላይ በሥጋና በደሙ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ተጎንብሶ ይታያል።

ማግኒዥየም ዕዳም ነበረበት። የሚቃጠል ማግኒዥየም ወደ ነጭ ዱቄት ይለወጣል፤ ያ ዱቄት እንደ ጉም በአየር ላይ ይንሳፈፋል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከአንድ ሥዕል በኋላ ሁለተኛ ለማንሣት ጭሱ እስኪወርድ መጠበቅ ግድ ነው። ሽቦው ለብዙ ሰከንዶች ስለሚነድም ተነሺው አሁንም ዓይኑን እያጥበረበረው ይታገሣል። ፈቃድ መጠየቁ አልቀረም፤ ጊዜው ብቻ አጠረ።

ባለጠጎቹ በዚህ መካከል የራሳቸውን መብራት አገኙ። ሄንሪ ቫን ደር ዋይድ የተባለ ሠዓሊ በ1877 ለንደን ሪጀንት ጎዳና ላይ በጋዝ ሞተር በሚሽከረከር የሲመንስ ዲናሞ (ኤሌክትሪክ አመንጪ) የሚሠራ ስቱዲዮ ከፈተ። የቅስቱን ብርሃን በቀጥታ ተነሺው ላይ ከመልቀቅ ይልቅ ትልቅ ጎድጓዳ ነጭ አንጸባራቂ ላይ አሳርፎ እንዲመለስ አደረገው። ጥላው ለሰለሰ፤ ፊት ፊት መሰለ። ዛሬ ሠርግና ማስታወቂያ የምታነሡ ሁሉ የምትዘረጉት ነጭ ጃንጥላ የዚህ አሳብ ዘር ነው። ሎንዶናዊው መኳንንት ከእራት በፊት፣ የማታ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ፣ በጥቂት ሰከንዶች ይነሡ ነበር።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1887፣ አዶልፍ ሚትና ዮሐንስ ጌዲከ በርሊን ላይ ሌላ ዓይነት ብርሃን ፈጠሩ። የማግኒዥየም ዱቄት፣ ፖታሲየም ክሎሬትና አንቲሞኒ ሰልፋይድ ደባለቁ። የመጨረሻው በጥንቱ ዓለም የዓይን ኩል ይዘጋጅባቸው ከነበሩት ማዕድናት አንዱ ነው። ክሎሬቱ ለማግኒዥየሙ ኦክስጅን ያቀብለዋል፤ ስለዚህ ከአየር እየተሻማ ቀስ ብሎ መንደዱ ቀርቶ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ሰከንዶች የነበሩት ወደ ሰከንድ ክፋይ ወረዱ። የሰው ዓይን ደንግጦ ለመጨፈን የሚፈጅበትን ያህል ጊዜ እንኳ የማይሞላ ነበር። ድብልቁ ሲፈጭ፣ ሲናወጥ፣ ብልጭ ሲልበት የሚፈነዳ በመሆኑ ብዙ አንሺዎች እጃቸውንና ፊታቸውን አቃጥለውበታል።

የዚህ ዜና አራት መሥመር ሆኖ ኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ካነበቡት አንዱ ጃኮብ ሪስ ነበር። ሪስ በ1870 ከዴንማርክ የተሰደደ፣ ሥራ አጥቶ በፖሊስ ጣቢያ የድሆች ማደሪያ ውስጥ የተኛ፣ በኋላ ማልበሪ ጎዳና ላይ የፖሊስ ዜና ዘጋቢ የሆነ ሰው ነው። ሌሊት ሌሊት የሚያየውን የስደተኞች መንደር መከራ ቢጽፍ ቢጽፍ ሰሚ አላገኘም። አራቱን መሥመሮች ሲያነብ የሚፈልገውን አገኘ። የከተማው ጤና ቢሮ ባልደረባ የነበረውን ዶክተር ጆን ኔግልንና ሄንሪ ፒፋርድና ሪቻርድ ሆ ሎረንስ የተባሉ ሁለት አማተር ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ ሌሊት ወጣ።

ብልጭታው መጀመሪያ የሚተኮሰው ከሽጉጥ ነበር። እስቲ አስቡት፤ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ቋንቋቸውን የማታውቋቸው ሰዎች በራችሁን ከፍተው ይገባሉ፤ አንዱ ሽጉጥ ያነጣጥራል፤ ክፍሉ በነጭ ነበልባል ይሞላል፤ ከዚያ ጭስና ጨለማ፣ የሚሮጥ እግር ኮቴ። ሰዎች በመስኮት ዘለው ያመለጡበት ጊዜ እንደ ነበር ሪስ ራሱ ጽፏል። በኋላ ሽጉጡን ትቶ ዱቄቱን መጥበሻ ላይ ማቀጣጠል ጀመረ፤ መጥበሻ የቤት ዕቃ ስለ ሆነ ያነሰ ያስፈራል ብሎ። ዐይነ ስውራን በሚኖሩበት አንድ ክፍል ውስጥ ግን ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ጨርቅ አቃጠለ። እነርሱ እሳቱን አላዩም፤ እሱ ብቻውን ታግሎ አጠፋው። አንድ ፖሊስ ኋላ ሲነግረው ያ ቤት ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ እሳት ቢነሣበትም ሳይነድ የቀረው የግድግዳው እድፍ እሳቱን ስለሚያፍነው ነው አለው።

ከሥዕሎቹ አንዱን በደንብ እንየው። በ1889 ገደማ ቤያርድ ጎዳና ላይ የተነሣ ነው። ክፍሉ በየአቅጣጫው 13 ጫማ (አራት ሜትር ያህል) አይሞላም፤ ሪስ እንደ ጻፈው 12 ወንዶችና ሴቶች ተኝተውበታል፤ ሁለት ወይም ሦስቱ ቆጥ ላይ፣ ሌሎቹ ወለሉ ላይ። ለአንድ ሌሊት መኝታ አምስት ሳንቲም ይከፍላሉ። በፊት ለፊት ያሉት ጫማዎች፣ ድስቶችና ጨርቆች ነጭ እስኪሆኑ በርተዋል፤ ወደ ጥግ ሲሄድ ሁሉ ነገር ይጨልማል። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ብርሃን ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳልና ነው። አንደኛው ሰው ከእንቅልፉ ቀና ብሎ ወደ ካሜራው ይመለከታል። ዓይኖቹ እኩል በእኩል ተከፍተዋል። ፊቱ ላይ ፍርሃትም፣ ቁጣም፣ እፍረትም የለም። ገና አልደረሱበትም። ብልጭታው ሰውየው ምን እንደሚሰማው ከማወቁ በፊት ወስዶታል።

ይህ ሥዕል ለእኔ የታሪኩ ማጠንጠኛ ነው። እንዲህ ያለ ፊት ከዚያ በፊት በፎቶግራፍ ላይ ሊታይ አይችልም ነበር፤ የናዳር መብራትም፣ የብራዘርስ ሽቦም ሊያሳየው አይችልም። ሪስ ያደረገው በጎ ነገር ከባድ ነው። በ1890 የወጣው መጽሐፉ የኒው ዮርክን ባለጠጎች ያላዩትን አሳይቷቸዋል፤ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቴዎዶር ሩዝቬልት የከተማው ፖሊስ ኮሚሽነሮች ቦርድ ሰብሳቢ በነበረበት በ1896 ሪስ ራሱ የተኛባቸው የፖሊስ ጣቢያ ማደሪያዎች ተዘግተዋል። ያም ሆኖ እነዚያ ሰዎች አልተጠየቁም። ሪጀንት ጎዳና ላይ የከፈለው ሰው ብርሃኑ ተለሳልሶለት፣ ልብሱን አስተካክሎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ተነሥቷል። ቤያርድ ጎዳና ላይ ያለው ድሃ በእንቅልፉ ተነሥቷል። በሁለቱ መካከል ያለው አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። የሁለቱም ሥዕሎች ወዳጅ ነኝ፤ ልዩነታቸውን ግን በምንም በጎ ውጤት ላጠፋው አልፈልግም።

«ብልጭታው ፈጣን ስለ ሆነ ሌላ መንገድ አልነበረም» የሚሉ አሉ። ነበረ። ሉዊስ ሃይን የተባለ የትምህርት ቤት መምህር ከ1904 ጀምሮ እዚያው ኒው ዮርክ፣ የስደተኞች መግቢያ በነበረችው ኤሊስ ደሴት ላይ በዚያው ዱቄት ይሠራ ነበር። የሚያነሣቸው ከብዙ አገር የመጡ፣ እንግሊዝኛ የማያውቁ፣ በሰልፍና በግርግር የደከሙ ሰዎች ናቸው። ሃይን በእጁ ምልክት እየሰጠ ያስቆማቸዋል፤ ካሜራውን ይተክላል፤ ያስተካክላል፤ ዱቄቱን በሰሃን ላይ እያዩት ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚያቀጣጥለው። ሰዎቹ ፍንዳታው እንደሚመጣ ያውቃሉ። ዓይናቸውን ወደ እኛ አቅንተው፣ ልጆቻቸውን አስጠግተው፣ ነጠላ ጫማም ቢሆን የያዙትን አስተካክለው ይታያሉ።

ከ1908 በኋላ ለብሔራዊው የሕፃናት ጉልበት ኮሚቴ ሲሠራ ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ ያሉ ሕፃናትን አነሣ። ባለቤቶቹ እንዳያባርሩት ሌላ ሰው መስሎ የሚገባበት ጊዜ ነበር። ልጆቹን ግን ያነጋግራቸው ነበር። ቁመታቸውን በኮቱ ቁልፎች ይለካና ኪሱ ውስጥ በደበቀው ወረቀት ላይ ስም፣ ዕድሜና ሥራ ይጽፋል። በብዙዎቹ ሥዕሎቹ ጀርባ የልጁ ስም ከነዕድሜው ዛሬም ይነበባል፤ ቤያርድ ጎዳና ላይ ከተነሡት 12 ሰዎች ግን የአንዱም ስም በሪስ ጽሑፍ ውስጥ የለም።

በ1930 ገደማ የመስታወት አምፖል መጥቶ ዱቄቱን፣ ጭሱንና ቃጠሎውን አስቀረ፤ አንሺውም ሰሃን መያዝ ቀረለት። ከዚያ በኋላ ያለውን የፍላሽ ታሪክ እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ፤ አሁን ጥያቄያችሁን ልቀበል።